በሚዛን የታመነ ሰው
የሎርድ ሬይሊ አጭር የሕይወት ታሪክ

የፊዚክስ ፈተና ታርሞ ወረቀታችን በተመለሰልን ቍጥር በብዙዎቻችን መልስ ላይ አንድ ዓይነት ቀይ ምልክት ይገኛል። ቀመሩ ትክክል ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነው፤ ነገር ግን በመልሱ ላይ የጻፍናቸው አኃዞች ከሚገባው በላይ በዝተው ወይም ከሚገባው በታች አንሰው ስለ ተገኙ ነጥብ ይቀነስብናል። ለምሳሌ ያህል ክብደቱ 25.4 ግራም፣ ይዘቱም 9.1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆነ የድንጋይ ቍራጭ ተሰጥቶን እፍጋቱን እንድንፈልግ ብንጠየቅ፣ ካልኩሌተሩ 2.791208791 የሚል ቍጥር ያሳየናል። ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ እንዳለ ገልብጠን እናስረክባለን። መምህራችን ግን የሚቀበሉት 2.8 ብቻ ነው። ይዘቱ የተለካው በሁለት አኃዝ ብቻ ስለሆነ መልሱም በሁለት አኃዝ መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ የተደረደሩት አኃዞች ከሚዛን ወይም ከመለኪያ የመጡ አይደሉም፤ ማንም አላያቸውም፤ ማንም ሊመሰክርላቸው አይችልም።

በእንግሊዝኛ ሲግኒፊካንት ፊገርስ የሚባሉት፣ በአማርኛም ጉልህ አኃዞች የምንላቸው እንግዲህ የምንመሰክርላቸው አኃዞች ናቸው። ብዙ ተማሪ ግን ይህን ደንብ ፈታኞች ነጥብ ለመቀነስ ያወጡት ጥብቅነት አድርጎ ይቈጥረዋል። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። የአንድ እንግሊዛዊ ሊቅን ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። ይህ ሰው የለካው ቍጥር እስከ ስንተኛው አኃዝ ድረስ እንደሚታመን አጥብቆ በማወቁ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ዘወትር ሲተነፍሰው የኖረውን ነገር ግን ማንም ያላወቀውን አንድ ጋዝ ለማግኘት በቃ። ስሙም ሎርድ ሬይሊ ይባላል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልደቱና ትምህርቱ

ሎርድ ሬይሊ የልደት ስሙ ጆን ዊልያም ስትራት ነው። ኖቬምበር 12 ቀን 1842 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ አውራጃ ተወለደ። አባቱ የሬይሊ ሎርድ የሚል ማዕርግ ያለው ባለ ርስት ሲሆን፣ ቤተ ሰቡ ተርሊንግ በሚባለው ቀበሌ ሰፊ እርሻና ታላቅ መኖሪያ ቤት ነበረው። ልጁ በሰውነቱ ደካማ ስለ ነበረ ትምህርቱ ደጋግሞ ይቋረጥበት ነበር። በኢተንና በሃሮ ትምህርት ቤቶች ቢገባም ከጤንነቱ ጕድለት የተነሣ በሁለቱም ብዙ ሳይቈይ ወጣ። ከዚያም በኋላ በአንድ ቄስ የግል ትምህርት ቤት ተማረ።

በ1861 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። በዚያም ራውዝ ከተባለው ስመ ጥር የሒሳብ መምህር ዘንድ ተማረና በ1865 ዓ.ም. በተሰጠው የሒሳብ ፈተና ከተፈታኞች ሁሉ አንደኛ ወጣ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ርስቱን ማስተዳደር ወይም በፓርላማ መቀመጥ እንጂ እጅጌውን ሰብስቦ በላቦራቶሪ መዋል የተለመደ አልነበረም። ስትራት ግን ይህን ልማድ ሳይከተል መሣሪያ ገዝቶ በቤቱ ሙከራ ማድረግ ጀመረ።

በ1871 ዓ.ም. ሰማይ ስለ ምን ሰማያዊ ሆኖ እንደሚታይ የሚያስረዳውን ጽሑፉን አወጣ። የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ቀለም ከቀዩ ይልቅ አብልጦ እንደሚበተን በሒሳብ አሳየ። በዚያው ዓመት ኤቭሊን ባልፎርን አገባ፤ ወንድሟ አርተር ባልፎር በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሰው ነው። በ1872 ዓ.ም. ስትራት ብርቱ የመገጣጠሚያ ትኩሳት ያዘውና ለሞት ተቃረበ። ለማገገም ወደ ግብፅ ወርዶ ክረምቱን በዓባይ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲጓዝ ሳለ፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀስለትን ስለ ድምፅ የተጻፈ ታላቅ መጽሐፍ ጀመረ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1873 ዓ.ም. አባቱ ስላረፉ የሎርድነቱን ማዕርግ ወረሰ። የእርሻውን አስተዳደር በ1876 ዓ.ም. ለወንድሙ ለኤድዋርድ አስረክቦ ራሱ በሳይንስ ሥራ ላይ ተጠመደ።

በካቨንዲሽ ላቦራቶሪ

በ1879 ዓ.ም. ታላቁ ሊቅ ማክስዌል በሞተ ጊዜ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሎርድ ሬይሊን በእርሱ ቦታ የካቨንዲሽ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው። ላቦራቶሪው የመሣሪያ እጥረት ስለ ነበረበት ገንዘብ እንዲዋጣ አደረገ፤ ከራሱም ኪስ ጨመረ። በእርሱ ዘመን ሴቶች ተማሪዎች ከወንዶች ጋር እኩል በላቦራቶሪው እንዲማሩ ተፈቀደ።

በዚያ ሳለ ከሁሉ ይልቅ የደከመበት ሥራ የኤሌክትሪክ መለኪያዎችን እንደ ገና አጣርቶ መለካት ነበር። ይኸውም ኦም፣ አምፔርና ቮልት የምንላቸው ናቸው። በዚህ ሥራ የባለቤቱ እኅት ወይዘሮ ሲጅዊክ አብራው ትለካና ታሰላ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው ይጠቀምበት የነበረው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ከ1 ከመቶ የሚበልጥ ስሕተት እንዳለበት ተረጋገጠ። አንድ ከመቶ ለተመልካች ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ባልታረመ መለኪያ ሦስተኛና አራተኛ አኃዝ የጻፈ ሰው ሁሉ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ መጻፉ ነበር።

በ1884 ዓ.ም. ፕሮፌሰርነቱን በፈቃዱ ትቶ ወደ ተርሊንግ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በመኖሪያ ቤቱ ባደራጀው ላቦራቶሪ ነው።

15.882 እና 16

ከዚያ አስቀድሞ በ1815 ዓ.ም. ፕራውት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የንጥረ ነገሮች ሁሉ ክብደት የሃይድሮጅን ክብደት ሙሉ ብዜት ነው የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። ኦክስጅን ከሃይድሮጅን በትክክል 16 ጊዜ ይከብዳል ከተባለ አሳቡ እውነት ይመስላል። ሎርድ ሬይሊ ይህን ለመመርመር የጋዞችን እፍጋት በጥንቃቄ መለካት እንደሚያስፈልግ በ1882 ዓ.ም. ለሊቃውንት ጉባኤ አስታወቀና ሥራውን ጀመረ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ክብ የመስተዋት ዕቃ ወስዶ በውስጡ ያለውን አየር ስቦ በማውጣት ባዶውን ይመዝናል፤ ቀጥሎም በጋዝ ሞልቶ ይመዝናል። ልዩነቱ የጋዙ ክብደት ነው። ነገር ግን በዙሪያው ያለው አየር ማናቸውንም ዕቃ በጥቂቱ ወደ ላይ ስለሚያነሣ፣ የአየሩም ሁኔታ ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ፣ በሚዛኑ በሌላው ወገን ያንኑ የሚያህል ሌላ የመስተዋት ዕቃ ሰቀለ። የአየሩ መለዋወጥ ሁለቱን እኩል ስለሚነካ ልዩነት አያመጣም።

በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ሌላ የተሰወረ ስሕተት አገኘ። የመስተዋቱ ዕቃ ባዶ ሲሆን የውጭው አየር ስለሚጫነው በጣም በጥቂቱ ይኮማተራል፤ በዚህም ምክንያት ባዶው ሲመዘን የሚያነሣው አየር ከሚታሰበው ያንሳል። ከእርሱ በፊት የለኩ ታላላቅ ሰዎች ይህን አላስተዋሉም ነበር። ሎርድ ሬይሊ ግን በ1888 ዓ.ም. የመኮማተሩን መጠን ለክቶ ውጤቱን አረመ። ሃይድሮጅን እጅግ ቀላል ጋዝ ስለሆነ ይህ ትንሽ እርማት በእርሱ ላይ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን 15.882 ጊዜ እንደሚከብድ አገኘ። ይህን ቍጥር በሁለት አኃዝ ብንጽፈው 16 ይሆናል፤ የፕራውትም አሳብ ትክክል መስሎ ይታያል። ሎርድ ሬይሊ ግን የቀሩትን አኃዞች በሚገባ የለካቸው ስለ ነበሩ ሊጥላቸው አልወደደም። ስለዚህ ቁርጡ ታወቀ፤ 15.882 ማለት 16 ማለት አይደለም።

የናይትሮጅን እንቈቅልሽ

ከኦክስጅን ቀጥሎ ወደ ናይትሮጅን ተሻገረ። ናይትሮጅንን ለማግኘት በመጀመሪያ አየርን በአሞንያ ውስጥ አሳልፎ በጋለ ቱቦ ይልክ ነበር፤ በዚህ መንገድ ከሚገኘው ናይትሮጅን አንድ ሰባተኛ ያህሉ ከአሞንያው የመጣ ነው። ውጤቱን ለማረጋገጥም በሁለተኛ መንገድ ለካ። ይኸውም አየርን በጋለ መዳብ ላይ አሳልፎ ኦክስጅኑን በማስቀረት ነው። ሁለቱ ጋዞች አንድ ናይትሮጅን ስለሆኑ ክብደታቸው አንድ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ከአየር ብቻ የተገኘው በ1000 አንድ እጅ ያህል ከበደ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቢሆን ትከሻውን ነቅንቆ ያልፍ ነበር። ሎርድ ሬይሊ ግን የራሱን ሚዛን ያውቃል፤ ይህን የሚያህል ስሕተት ሚዛኑ እንደማይሠራ ያውቃል። ስለዚህ ልዩነቱን ከመሸፈን ይልቅ ሊያጎላው ወሰነ። በአየሩ ፋንታ ንጹሕ ኦክስጅን በአሞንያ ውስጥ አሳለፈ፤ በዚህ ጊዜ ናይትሮጅኑ በሙሉ ከአሞንያው የመጣ ሆነ። ልዩነቱም ከ1000 አንድ ወደ 200 አንድ ከፍ አለ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከዚህ ወዲያ ምክንያቱን ከሥሩ ሳያገኝ ሊተኛ አልቻለም።

በ1892 ዓ.ም. ኔቸር ለተባለው የሳይንስ መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ግራ እንደ ተጋባ ሳይሸሽግ ገልጾ፣ ከአንባቢዎቹ መካከል ኬሚስት የሆነ ሁሉ አሳብ እንዲሰጠው ለመነ። ሎርድ የሆነ፣ ፕሮፌሰር የነበረ፣ በፈተናም አንደኛ የወጣ ሰው አላውቅም ብሎ በአደባባይ መጻፉ ልናስተውለው የሚገባ ነገር ነው።

የጠረጠረውንም ሁሉ በየተራ ፈተነ። ምናልባት ቀላሉ ጋዝ ሃይድሮጅን ተቀላቅሎበት ይሆናል ብሎ መረመረ፤ አልነበረም። ምናልባት ናይትሮጅኑ ተሰባብሮ ይሆናል ብሎ ስምንት ወር አስቀምጦ እንደ ገና መዘነው፤ ክብደቱ አልተለወጠም። ከአሞንያ ሌላ ከልዩ ልዩ ውሑዶች ናይትሮጅን እያወጣ መዘነ። በመጨረሻም የተሰበሰቡት ውጤቶች የሚከተሉት ሆኑ። በሦስት ልዩ ልዩ መንገድ ኦክስጅኑ ተወግዶለት ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን፣ የመስተዋቱን ዕቃ ሲሞላ 2.3103፣ 2.3100 እና 2.3102 ግራም መዘነ፤ አማካዩ 2.3102 ነው። ከውሑዶች የተገኘው ግን ከ2.2985 እስከ 2.3001 ግራም ሆነ፤ አማካዩም 2.2990 ነው።

እነዚህን ቍጥሮች ቀስ ብለን እንመልከታቸው። በሁለት አኃዝ ቢጻፉ ሁለቱም 2.3 ይሆናሉ፤ ልዩነቱም ፈጽሞ ይጠፋል። በሦስት አኃዝ ቢጻፉ 2.31 እና 2.30 ይሆናሉ፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ሁልጊዜ የምታጠራጥር ስለሆነች ማንም ሰው የመለኪያ ስሕተት ነው ብሎ ያልፈዋል። በአምስት አኃዝ ሲጻፉ ግን ከአየር የተገኙት ሦስቱ ክብደቶች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነው። ከውሑዶች የተገኙት እስከ 1.6 ሺህኛ ግራም ያህል ቢለያዩም በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ርቀት 11 ሺህኛ ግራም ስለሆነ ከማናቸውም ስሕተት እጅግ ይበልጣል። 11 ሺህኛ ግራም ከአንዲት የስንዴ ቅንጣት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን የታመነ ነበረ።

ሰነፉ ጋዝ

በ1894 ዓ.ም. በለንደን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ዊልያም ራምዚ ከሎርድ ሬይሊ ጋር ተነጋግሮ በምርመራው ተባበረ። ራምዚ የአየርን ናይትሮጅን በጋለ ማግኒዥየም ላይ ደጋግሞ አሳለፈው። ማግኒዥየሙ ናይትሮጅኑን ሲጠጣው ጋዙ እያነሰ ሄደ፤ የቀረውም እየከበደ ሄደ። ሎርድ ሬይሊ ደግሞ በተርሊንግ ሌላ መንገድ ተከተለ። በ1785 ዓ.ም. ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለው ሊቅ በአየር ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እያሳለፈ ናይትሮጅኑን ከኦክስጅን ጋር አዋሕዶ ለማስወገድ ሲሞክር፣ ከጠቅላላው ከ120 አንድ የማይበልጥ ትንሽ አረፋ አልወገድለት ብሎ ነበር። ካቨንዲሽ ምን እንደ ሆነ ባያውቅም መጠኑን በታማኝነት ጽፎ አለፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ልብ ያላለውን ይህን ጽሑፍ ሎርድ ሬይሊ መሠረት አድርጎ ሙከራውን ደገመው፤ ያች ትንሽ አረፋም ተገኘች።

ሁለቱ ሰዎች ያገኙት አዲስ ጋዝ በስፔክትሮስኮፕ ሲመረመር ከታወቁት ጋዞች የአንዱንም የማይመስል የብርሃን መስመር አሳየ። ኦገስት 13 ቀን 1894 ዓ.ም. በኦክስፎርድ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ግኝታቸውን አስታወቁ። ጋዙ ከምንም ነገር ጋር አልዋሐድ ስላለ በግሪክ ቋንቋ ሰነፍ ማለት በሆነው ቃል አርጎን ተባለ። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 0.93 ከመቶ ያህሉ አርጎን ነው። ከናይትሮጅን ስለሚከብድ የአየሩን ናይትሮጅን ያከበደው እርሱ ነበር። ከዚህ በኋላ ራምዚ ሂሊየምን በምድር ላይ አገኘ፤ ከረዳቱም ጋር ኒዮንን፣ ክሪፕቶንንና ዜኖንን ጨመረ። ዛሬ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ በመጨረሻው ዓምድ የምናጠናቸው እነዚህ ናቸው። አርጎንም ዛሬ በአምፖል ውስጥና በብረት ብየዳ ያገለግላል።

የመጨረሻ ዘመኑ

በ1904 ዓ.ም. ሎርድ ሬይሊ የፊዚክስን፣ ራምዚ የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሎርድ ሬይሊ የሽልማቱን ገንዘብ ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ከ1905 እስከ 1908 ዓ.ም. የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚደንት ሆነ፤ ከ1908 ዓ.ም. ጀምሮም እስኪሞት ድረስ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። ከ400 በላይ የሳይንስ ጽሑፎችን ከጻፈ በኋላ ጁን 30 ቀን 1919 ዓ.ም. በተወለደ በ76 ዓመቱ በተርሊንግ አረፈ።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ለፈተና የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ያልለካነውን አኃዝ አንጻፍ። ካልኩሌተር ዐሥር አኃዝ ስለ ሰጠን ዐሥሩንም አወቅናቸው ማለት አይደለም። ስሌቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ትርፍ አኃዝ ይዞ መሄድ ይገባል፤ በመካከል እየቈረጡ መሄድ ስሕተትን ያበዛልና። በመጨረሻ ግን መልሱ በማባዛትና በማካፈል ጊዜ ከተሰጡት ቍጥሮች ሁሉ ጥቂት ጉልህ አኃዝ ካለው ጋር መስማማት አለበት።

ሁለተኛ፣ የለካነውን አኃዝ አንጣል። ሎርድ ሬይሊ 2.2990 ብሎ ሲጽፍ የመጨረሻዋ ዜሮ ጌጥ አይደለችም፤ እስከዚያ ድረስ መዝኛለሁ ማለት ነው። 2.299 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ያነሰ እንዳወቀ ይቈጠር ነበር። እኛም በሚዛን 5.00 ግራም ያነበብነውን 5 ብለን ብንጽፍ የሠራነውን ሥራ ራሳችን እናጠፋለን።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ያገኘነው ቍጥር ከመጽሐፉ ጋር አልስማማ ሲል አንደብቀው። በላቦራቶሪ ፔንዱለም አወዛውዘን የምድርን የስበት ፍጥንጥነት 9.5 ብናገኝ፣ ሰርዘን 9.81 ብለን ለመጻፍ የምንፈተን ብዙ ነን። ይህን ያደረገ ተማሪ ምናልባት ያን ቀን ነጥብ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ክሩን ያለ ልክ መለካቱን ወይም ሰዓቱን ዘግይቶ መጫኑን ለማወቅ የነበረውን ዕድል ያጣል። ሎርድ ሬይሊ ሁለቱን ናይትሮጅኖች ለማስማማት ብሎ አንዱን ቍጥር ቢያስተካክል ኖሮ ማንም አይጠይቀውም ነበር፤ አርጎንም በዚያን ጊዜ አይገኝም ነበር።

እንግዲህ መምህራችን በቀይ ቀለም የመጨረሻዎቹን አኃዞች ሲሰርዙብን የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን አይተሃልን ወይስ አላየህም? የዚህን ጥያቄ መልስ በእውነት የሚሰጥ ተማሪ በፈተና ነጥብ ያገኛል። ነገ መሐንዲስ ሆኖ ድልድይ ሲለካ፣ ሐኪም ሆኖ መድኃኒት ሲመዝን፣ ነጋዴም ሆኖ ሚዛን ሲይዝ ደግሞ ሕዝብ ያምነዋል።